ማቀዝቀዣ ውስጥ የከረመችው ኤሊ

አማቴ ሳኖባር፣ ከወላጆቼ ቤት ይዤው የመጣሁትን አዲስ ማቀዝቀዣ ባዶ አድርገው ኤሊያቸውን ያስገቡበት ዕለት፣ ባሌን ኤርጋሽን ወደ ጓዳ ጠርቼ፣ «እናትህ ጤና ናቸው?» አልኩት።

«ከእኔና ከአንቺ ይሻላሉ» ብሎ ሳቀ።

ኤሊዋ ቦቲር ትባላለች፤ በቋንቋችን ጀግናው ማለት ነው። አማቼ፣ የኤርጋሽ አባት፣ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ሳሉ፣ ሐዲድ መሐል ተገልብጣ አግኝተው ነው በኮታቸው ጠቅልለው ያመጧት። በሦስተኛው ዓመት ግቢያችን ካለችው የአፕሪኮት ዛፍ ሥር እንቁላል ስትጥል ጀግናው ሴት መሆኗ ታወቀ፤ ስሙ ግን ላይለቃት ተጣብቋል። አማቼ ካረፉ በኋላ ለአማቴ የቀረቻቸው የማለዳ ጓደኛ እሷ ነበረች።

ኤሊ የብርዱን ወራት ተኝታ ነው የምታሳልፈው፤ መኸር ሲያልቅና ቦቲር ምግብ ስትቀንስ፣ አማቴ ጭራሽ ምግብ ይከለክሏታል። ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ በየሁለት ቀኑ ለብ ባለ ውኃ ይዘፈዝፏታል። «ሆዷ ሞልቶ ከተኛች ውስጧ ይበሰብሳል» ይላሉ። ከዚያ ደረቅ አፈርና ቅጠል የሞላ ሣጥን ውስጥ አድርገው ምድር ቤት ያስተኟታል። ሣጥኑ አጠገብ የሙቀት መለኪያ አለ፤ ከአራት ዲግሪ እንዳይወርድ፣ ከሰባት እንዳይዘል። በየሳምንቱ ዓርብ ደግሞ በወጥ ቤት ሚዛን ትመዘናለች።

ያን ዓመት ግን ከተማችን ቺርቺቅ ላይ የወረደው ብርድ ሌላ ነበር። ምድር ቤት ያለው ድንቻችን እንደ ድንጋይ ደረቀ፤ መለኪያው አንድ ዲግሪ ላይ ደረሰ። አማቴ ጊዜ አላጠፉም። ማቀዝቀዣው ውስጥ አምስት ነበር።

ጎረቤታችን ቱርሱኖይ ወሬውን ሰምታ መጣች። «ሳኖባር፣ ሾርባ ልትሠሪያት ነው ወይስ ልትቀብሪያት?»

«አንቺን ባስገባሽ ነበር የሚሻለው፤ ምላስሽ በረድ ይል ነበር» አሉ አማቴ።

እኔ ቅቤውን መስኮት ላይ አኖርኩ፣ ሥጋውን ግቢ ውስጥ ሰቀልኩ። አማቴ በቀን ሁለት ጊዜ በሩን ከፍተው አየር ይቀይሩላታል። ቀጥሎ መብራት ጠፋ። ሳሎን ምድጃው ስላለ ይሞቃል፤ ወጥ ቤቱ ግን በረዶ ሆነ። አማቴ ሙቅ ውኃ በጠርሙስ እየሞሉ ማቀዝቀዣው ውስጥ ከሣጥኑ አጠገብ ይደረድራሉ፤ መለኪያውን እያዩ አንዱን ያወጣሉ፣ ሌላውን ይጨምራሉ።

ኤርጋሽን አሳዘኑት። «እማዬ፣ ለምን ምድጃው አጠገብ አናመጣትም? እርስዎም ያርፋሉ።»

«ልጄ፣ የሚገድላት ግማሽ እንቅልፍ ነው። ወይ በደንብ ትተኛ፣ ወይ በደንብ ትንቃ።»

በጥር ሦስተኛው ዓርብ ሊመዝኗት ሣጥኑን ሲከፍቱ ቅጠሉ ርሷል። በክረምት የምትኖርበትን ውኃ ሸንታው ነበር። ክብደቷም በአንድ ሳምንት ብዙ ወርዷል። አማቴ፣ «በቃ፣ ትነሣ። ከእንግዲህ ብትተኛ ደርቃ ትሞታለች» አሉ። ስንት ሳምንት የደከሙበትን እንቅልፍ በአንድ ቃል ተዉት።

ለብ ባለው ውኃ ውስጥ አንገቷን አውጥታ ረጅም ጊዜ ጠጣች። ምድጃው አጠገብ፣ አማቴ በእጃቸው ሙቀቱን ለክተው ባበጁላት ቦታ ዓይኗን ገለጠች። ምግብ ግን እምቢ አለች። ጎመን ሰጧት፣ ዘወር አለች። ከገበያ ኪያር ገዛሁ፣ ረግጣው አለፈች። አራት ቀን ሆነ።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት አማቴ ቤት የሉም። የሰባ ሁለት ዓመት ሴት፣ በረዶው እስከ ጉልበት! ሻሌን ጣል አድርጌ ዱካቸውን ተከትዬ ወጣሁ። ከሰፈራችን ሆስፒታል ጀርባ፣ ለከተማው ቤቶች ሙቅ ውኃ የሚያመላልሰው ትልቅ ቧንቧ ሥር ተንበርክከው አገኘኋቸው። በቧንቧው ሙቀት በረዶው ቀልጦ፣ አንድ ክንድ የማይሞላ አረንጓዴ መሬት ተዘርግቷል። እሳቸው በጸደይ ቢጫ አበባ የሚያወጣውን የሜዳ ቅጠል አንድ በአንድ ይለቅማሉ።

«እማዬ፣ ለእኔ አይነግሩኝም? ቢወድቁስ!»

«ብወድቅማ በረዶው ለስላሳ ነው» አሉ። ከዚያ ቀና ሳይሉ፣ «ዙምራድ፣ ከቦቲር በፊት ሌላ ኤሊ ነበረችን። በረዳት ብዬ ክረምቱን ሙሉ ምድጃ ሥር አስቀመጥኳት። አትበላ፣ አትተኛ፤ መጋቢት ላይ ሞተች። እኔ ነኝ በደግነቴ የገደልኳት። ከዚያ ወዲያ ያልጠየቅሁት ሐኪም፣ ያልጠየቅሁት እረኛ የለም» አሉ።

አጠገባቸው ተንበርክኬ መልቀም ጀመርኩ። እጃቸው ከብርዱ ቀልቶ ነበር፤ ጓንቴን ብሰጣቸው አልቀበልም አሉ፣ «በጓንት ሥሩ አይያዝም።»

ቤት ገብተን ቅጠሉን አጠብነው። ቦቲር አሸተተችው፤ አንገቷን ዘረጋች፤ ጠርዙን ነክሳ ጎተተች። ቀጭ የሚል ትንሽ ድምፅ ሰማን። ኤርጋሽ እንደ ኳስ ተመልካች ጮኸ። አማቴ ግን ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ መሐረባቸውን ሲያወጡ አየሁ።

እስከ መጋቢት መጨረሻ በየማለዳው ቧንቧው ሥር ተመላለስን፤ እሳቸው ጉልበታቸውን ሲያማቸው እኔ ብቻዬን። ሚያዝያ ላይ ቦቲርን ግቢ አወጣናት፤ ክብደቷ ከመኸሩ በጥቂት ግራም በልጦ ነበር። በዚያው ዓመት መኸር አማቴ ሚዛኑን ፊቴ አኖሩና፣ «ዘንድሮ አንቺ አስተኛት፤ እኔ እያየሁ» አሉኝ። መዝኛት፣ መለኪያውን ሁለት ጊዜ አይቼ አስተኛኋት።