የችኮ ነጥቦች

"ይህን ራዲያተር ማን ነው መልሶ የገጠመው?" አለች ችኮ፣ አንገቷን በአውቶቡሱ ክፍት አፍንጫ ውስጥ አስግጋ።

ሞተሩ ተነስቶ ይጮኻል። የአውቶቡሱ ባለቤት፣ ሽማግሌው፣ ሰዓታቸውን ያያሉ። የጋራዡ ጌታ፣ የእህቷ ባል፣ ንጹሕ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል። ችኮ የሚለውን ስም ያወጣላት እሱ ነው፤ ሃያ ዓመት ራዲያተር ስትበይድ "ግድ የለም፣ ይሁን" የሚል ቃል ካፏ ሲወጣ ሰምቶ አያውቅማ!

"እኔ ነኝ" አለ በመጨረሻ። "ምን ሆነ? ራስሽ የበየድሽው አይደል? ጠብ የሚል ነገር የለውም።"

እውነቱን ነው። በራዲያተሩ የላይኛው ታንክ ላይ ሦስት የብየዳ ነጥቦች ተደርድረዋል። ችኮ ሥራዋን ጨርሳ ስታስረክብ የምታኖራቸው ነጥቦች ናቸው፤ የአካባቢው ሾፌር ሁሉ ያውቃቸዋል። ግን ያኔ የሠራችው ለድሮው ሞተር ነበር። ባለፈው ሳምንት እሱ ወጥቶ ጉልበቱ እጥፍ የሆነ ሌላ ገብቷል። ለአዲሱ የሚበቃው ትልቅ ራዲያተር እንዲገባ የአውቶቡሱ የፊት ብረት አራት ጣት መቆረጥ ነበረበት። ሽማግሌው ደግሞ "የአውቶቡሴ ፊት አይነካም" ብለዋል፤ አውቶቡሱም ከሰዓት በኋላ ተማሪ ጭኖ ዳገቱን ይወጣል።

"አባቴ፣" አለች ወደ እሳቸው ዞራ፣ "ጉልበት ሲጨምር ሙቀትም አብሮ ይጨምራል። እርስዎ እሳቱን እጥፍ አድርገው ማብረጃውን እንደነበረ ተዉት።"

"አንድ ሰዓት ሙሉ እዚሁ ግቢ አስነስተነዋል እኮ ልጄ። የሙቀቱ መርፌ ንቅንቅ አላለም።"

"ቁጭ ብሎ ያላበው ማን አለ? አርባ ልጅ አሸክመው ዳገት ያውጡትና ያኔ ይዩት!"

መሪው ላይ የተቀመጠው ሾፌር ሳቀ። ሽማግሌው ዞር ብለው ሲያዩት ሳቁን ዋጠና በመስኮት ብቅ አለ።

"ለማንኛውም ነጥቧ አለችበት አይደል? ነጥቧ ካለች እኔ እነዳለሁ።"

"አለችበት" አለ የእህቷ ባል ፈጠን ብሎ። "በይ አንቺም ነገር አታክርሪ።"

ይሄኔ ደሟ ፈላ። ሾፌሩ አርባ ልጅ ይዞ ሊወጣ የተነሳው እሷን አምኖ ነው! ወደ ጠረጴዛዋ ሄዳ ሞረድ አነሳችና ተመለሰች።

"ሞተሩን አጥፋልኝ" አለችው ሾፌሩን። አጠፋው።

"ምን ልታደርጊ ነው?" አለ የእህቷ ባል።

"ነጥቤን ላነሳ።"

"አንዷን ብትነኪ ነገ እዚህ ግቢ እንዳትደርሺ! እህትሽም አታስታርቀንም።"

እጇ ቆም አለ። ምን ይደበቃል፣ ፈርታለች። ከዚህ ግቢ ሌላ ሥራ አታውቅም፤ እህቷ ፊት ምን ብላ እንደምትቆምም አላወቀችም። ግን አርባ ልጅ በዚያ ዳገት ወገብ ላይ፣ በእንፋሎት መሐል ታያት።

"ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ነው" አለች። "ነጥቦቹ ግን የኔ ናቸው።"

የመጀመሪያዋ ነጥብ ዱቄት ሆና ረገፈች። ሁለተኛዋም ተከተለች። ሾፌሩ ወርዶ አጠገቧ ቆመና የሚሆነውን አየ። ከዚያ ቁልፉን ይዞ ወደ ሽማግሌው ሄደ።

"እንግዲህ እርስዎ ይንዱት" ብሎ መዳፋቸው ላይ አኖረላቸው።

ሽማግሌው ቁልፉን አዩ፣ የአውቶቡሳቸውን ፊት አዩ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ስንት ጣት ነበር የሚቆረጠው?"

የእህቷ ባል ጨርቁን መሬት ላይ ወረወረው።

"አራት" አለች ችኮ ቀና ሳትል። "መጀመሪያ ግን ይቺን ልጨርሳት።" ሞረዷንም ሦስተኛዋ ነጥብ ላይ አሳረፈች።