የፀሐይ ድርሻ

1.

«ሞተሩን አስጠፊልኝማ እታለም። ፈረሴን አሳበደብኝ።»

ጥሩዓለም ዞር አለች። ባለጋሪው አንሙት ነው፤ አቮካዶ ከማሳ ወደ ማቀዝቀዣ ቤቱ ያመላልሳል።

«የምን ሞተር?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? የቢሮ ሰው አንቺ።»

2.

እዚህ ላይ ትንሽ ወደኋላ ልመልሳችሁ።

ጥሩዓለም የገበሬዎች ዩኒየን የትራንስፖርትና የማከማቻ ኃላፊ ናት። የውጭ አገሩ ገዢ የወደብ መኪና ላይ እስኪጫን የነዳጅ ጭስ ያልነካው ፍሬ ፈለገ፤ እሷም ከማሳ በጋሪ ይምጣ፣ ማቀዝቀዣው በፀሐይ ይሥራ አለች። ፀሐይዋ በነፃ ናት፤ ባትሪው ግን ያረጃል። ለመተኪያው ከየገበሬው ሽያጭ ትንሽ ትንሽ ይቀነሳል። ገበሬዎቹ «የፀሐይ ድርሻ» ይሉታል። ከገበሬዎቹ አንዱ፣ አያ ታከለ፣ በዚህ ምክንያት የቤታቸውን ክዳን ሳይቀይሩ ሌላ ክረምት አሳለፉ።

የተስማሙት ዩኒየኑን አምነው አይደለም።

እሷን።

3.

አንድ ማቀዝቀዣ ቤት በምን እንደሚሠራ ለማወቅ፦

ሳትደውሉ ሂዱ። (ጥሩዓለም ከባሕር ዳር ስትመጣ ሁልጊዜ ቀድማ ትደውላለች፤ ሰው ሥራ እንዳይፈታ ብላ። ለነገው የገበሬዎች ጉባኤ ነበር የምትጠበቀው። የዛሬ ስብሰባዋ ሲሰረዝባት አንድ ቀን ቀድማ መጣች።)

በፊት በር አትግቡ። በጓሮ ዙሩ።

ግድግዳው ላይ ጥላሸት ካለ በጣታችሁ ጥረጉት።

ጣታችሁን አሽትቱ።

ናፍጣ።

4.

ሥራ አስኪያጁ አቶ ይበልጣል ዩኒቨርሲቲ ያስተማሯት፣ እዚህ ሥራ ያስገቧትም እሳቸው ናቸው።

ጥሩዓለም፦ ጄኔሬተሩ ከመቼ ጀምሮ ነው?

ይበልጣል፦ ባትሪው ከደከመ ወዲህ። ቁጭ በይ እስቲ።

ጥሩዓለም፦ የመተኪያው ገንዘብ ተቀምጦ የለ?

ይበልጣል፦ ለከባድ መኪና ኪራይ ዋለ። ኪራይ ሰማይ ሲነካ ፍሬውን በምን ወደብ ላድርሰው? በጋሪ? ወጪ መቆጣጠር ይኸው ነው፤ አስተምሬሽ የለም እንዴ።

ጥሩዓለም፦ እኔ ስመጣ ግን ሲሠራ ሰምቼው አላውቅም።

ይበልጣል፦

ጥሩዓለም፦ መምህር።

ይበልጣል፦ ስትደውዪ እናጠፋዋለን።

5.

ይኼን ክፍል ለእንባዋ አዘጋጅቼው ነበር። አላለቀሰችም። ጣቷን በሶፍት ፈተገች፤ ጥላሸቱ ከቆዳዋ ሲለቅ ጥፍሯ ሥር ገባ።

ዘበኛው ያውቃል። ጫኞቹ ያውቃሉ። አንሙት እንኳ የምታውቅ መስሎት ነው የነገራት። ሰው እንዳታስቸግር ብላ የምትደውለው ስልክ ነው ለካ ሞተሩን የሚያጠፋው።

6.

ይበልጣል፦ ነገ ድርሻው እንዲጨምር እንጠይቃለን። አዲስ ባትሪ እንገዛለን፣ ነገሩ ይዘጋል። አንቺ ተናገሪ።

ጥሩዓለም፦ ሁለተኛ ጊዜ ሊያስከፍሏቸው?

ይበልጣል፦ ገዢው ከሰማ ውሉን ያፈርሰዋል። ያን ጊዜ ፍሬው ማሳ ላይ ይበሰብሳል። የማን ፍሬ ነው? ገበሬው፣ ገበሬው ስትዪ አልነበር?

ጥሩዓለም፦ ለምን እርስዎ አይነግሯቸውም?

ይበልጣል፦ እኔን ማን ያምነኛል?

7.

ጉባኤ።

ገበሬዎቹ ባዶ ሳጥን ገልብጠው ተቀምጠዋል። ሞተሩ ጠፍቷል። አቶ ይበልጣል ስለ ጭማሪው ሁለት ቃል ተናገሩና «የቀረውን ልጃችሁ ትንገራችሁ» ብለው ተቀመጡ።

ጥሩዓለም ተነሣች።

«ከስተሻል» አሏት አያ ታከለ። «ከተማ አያበሉሽም እንዴ?»

ሳቅ ሆነ። እሷም ፈገግ ለማለት ሞከረች።

«እኛ ነገር ማብዛት አናውቅም» አሉ ሳቁ ሲበርድ። «ጨምሩ ካልሽን እንጨምራለን። እስካሁን የሰጠነው ግን ለፀሐይቱ ደርሷል? ይኼንን ብቻ ካንቺ አፍ ልስማ።»

አቶ ይበልጣል ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

8.

ጥሩዓለም፦