ውሃ ያልተቀመሰበት ጠዋት

መካኒኩ ክፍሉ የጎማ ቱቦ ጫፍ አፉ ውስጥ ከትቶ ወደ ጉሮሮው ገፋ ቢያደርገው የኒሙን ዛፍ ግንድ ተደግፎ ያቅለሸልሸው ጀመር። የወጣ ነገር ግን አልነበረም፤ ዓይኑ ብቻ እንባ አቀረረ። አፉን በሽርጡ ጫፍ ጠረገና ወደ ቤቱ ገልመጥ ብሎ ማንም እንዳላየው አረጋገጠ። ከዚያ ቱቦውን እንደገና ወደ አፉ ሰደደ።

"ዋርያ ክፍሉ!" አለች ሶማሌዋ ጎረቤቱ ዳሃቦ፣ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ። "ወላሂ ምን ነክቶህ ነው? ጎማ ትበላለህ እንዴ? ቤትህ ራት የለም?"

"ዝም በይ አቦ፣ ዘርፈሽ ትሰማሻለች!"

"ትስማ እንጂ! ዘርፈሽ! አባዮ፣ እህቴ፣ ነይ ባልሽን እዪልኝ!"

ዘርፈሽ ከሆስፒታል ከተመለሱ ጀምሮ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታ ነበር። ነጠላዋን እየጎተተች ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። ባሏ ዓይኑ ቀልቶ፣ ቱቦው ከአፉ ተንጠልጥሎ ቆሟል። ልክ ጡጦ እንደያዘ ጥጃ።

ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው። ዘርፈሽ ጥጥ ፋብሪካ ፈታይ ናት፤ ክፍሉ ደግሞ የምድር ባቡር ጥገና ክፍል መካኒክ። ካለፈው ዓመት ፋሲካ ወዲህ የምትውጠው ምግብ ደረቷ መሃል እየቆመ አላልፍ ይላታል። መጀመሪያ ደረቅ ዳቦ ነበር፤ ቀጥሎ እንጀራው ሆነ፤ አሁን ሾርባውም በስንት መከራ ነው የሚወርደው። ይህን ሁሉ ለባሏ አልነገረችውም። ገበታ ላይ ሲቀመጡ ግን ጉርሻ አበዛችበት። ክፍሉ፣ ሚስቴ በጉልምስናችን ፍቅሯ ጨመረ ብሎ ደስ እያለው ይጎርስ ነበር። የእሷን ድርሻ ለካ እየበላ የኖረው እሱ ነው። ይህን ያወቀው አንድ እሑድ፣ ቀሚሷ ከትከሻዋ ሲንሸራተት አይቶ፣ "ምነው ዘርፌ፣ አጥንትሽ ብቻ ቀረ?" ብሎ ያፈጠጠባት ቀን ነው። ያን ዕለት ወጥቶ ኒሙ ሥር ለብቻው ተቀመጠ፤ ቀምሶ የማያውቀው ሐፍረት ያዘው።

እናቷ መንዝ ውስጥ የሞተችው ጉሮሮዋ ተዘግቶ፣ በመጨረሻ ውሃም አልወርድ ብሏት ነው። ዘርፈሽ ያኔ ልጅ ነበረች፤ በጥጥ እየነከረች የእናቷን ከንፈር ታረጥብ ነበር። ስለዚህ የራሷ ጉሮሮ ሲጠብ፣ መጨረሻው ምን እንደሆነ የማውቀውን ነገር ምን ብዬ ልናገር ብላ ዝም አለች።

በስልሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት ግንቦት ላይ አንድ የውጭ አገር ሐኪም ወደ ሆድ ዕቃ የሚያይ መሣሪያ ይዞ ወደ ድሬዳዋ መጣ ተባለ። ክፍሉ ለምኖ፣ ተቆጥቶ፣ እንደገና ለምኖ ወሰዳት። ነርሷ ሲስተር አለምብርሃን ወጣት ናት፤ ሰው እንዳይደነግጥ ብላ መሣሪያውን አሳየቻቸው። ጥቁር፣ የጣት ውፍረት ያለው፣ ጫፉ ላይ መብራት የሚያበራ ረጅም ቱቦ ነው። "ነገ ጠዋት ይምጡ። ከዛሬ ራት በኋላ ምግብ የለም። ጠዋት ውሃም ቢሆን ጠብታ አይቀምሱ። ጉሮሮዎን በመድኃኒት እናደነዝዘዋለን፤ በግራ ጎንዎ ይተኛሉ፤ ቱቦውን እየዋጡ በአፍንጫዎ ይተነፍሳሉ። ቶሎ ያልቃል" አለቻት።

ዘርፈሽ ቤት ስትገባ፣ "አልሄድም" አለች። "እንጀራ አላልፍ ያለው ጉሮሮ ያን እባብ ሊያሳልፍ ነው? እንደ እናቴ በአልጋዬ ልሙት።"

"ምንም አይደለም እኮ ዘርፌ። ቀላል ነገር ነው።"

"ቀላል? አንተ ዋጥከውና ነው ቀላልነቱን የምትነግረኝ?"

ክፍሉ ወደ ሥራ ቦታው ሄዶ ቀጭን የጎማ ቱቦ ለምኖ አመጣ፤ በጓሮ በኩል ገብቶ ቀቀለው፤ ኒሙ ሥር ቆሞም መዋጥ ጀመረ። ዳሃቦ የደረሰችበት ይኸኔ ነው።

ዘርፈሽ ባሏን እንዲህ ስታየው ሳቋ መጣ። ሳቀች፣ ሳቀች፣ የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ እስክትል ድረስ። ዳሃቦም አጥሩን ይዛ ሳቀች። ያ ግቢ እንዲህ ያለ ሳቅ ከሰማ ቆይቷል። ሳቁ ሳያልቅ ዘርፈሽ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ክፍሉ ሳቁ ወደ ልቅሶ መዞሩን አወቀ። ቱቦውን ጥሎ አጠገቧ ተቀመጠ።

"ዋሽቼሻለሁ" አላት ቀስ ብሎ። "ቀላል አይደለም። ጨርሶ ቀላል አይደለም። እንደ ድመት ነው ያስጓጎረኝ።"

"አየህ?"

"ግን ስሚኝ። መጀመሪያ ስታገለው እምቢ አለ። ዝም ብዬ በአፍንጫዬ ስተነፍስ ትንሽ ገባ። እውነቴን ነው። አሁን ያንቺ ዳሃቦ ባትጮህብኝ ኖሮ..."

"እስከ ሆዱ ያደርሰው ነበር!" አለች ዳሃቦ። "ዘርፈሽ፣ እንዲህ ያለ እብድ ባል ከየት ይገኛል? ለእሱ ስትዪ እንኳ ሂጂ።"

ዘርፈሽ ዓይኗን ጠረገች። የባሏን አገጭ ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችና አፉን አስከፈተችው፤ ልጅ እንደምትመረምር እናት። "አቁስለኸዋል" አለች። ቆይታም፣ "አብረኸኝ ትገባለህ?" ስትል ጠየቀችው።

"አጠገብሽ ነኝ።"

ፀሐይ ሳትገባ ዳሃቦ የሩዝ ሾርባ አጥልላ በሳህን አመጣች። "በረመዳን ጊዜ እኔ እጾማለሁ፣ አንቺ ታዝኚልኛለሽ" አለች። "ዛሬ ተራሽ ነው። ልዩነቱ ያንቺ ጾም ከጎህ በፊት የሚበላ ሱሁር የለውም።" ዘርፈሽ ሾርባውን በማንኪያ እየጨለፈች፣ ደረቷን በእጇ እያሸች ጠጣችው። ክፍሉ የራሱን ራት ሳይነካ ከድኖ አስቀመጠው።

በማግስቱ ጠዋት ሙቀቱ ከጎህ ጋር አብሮ ተነሣ። ዘርፈሽ የእንስራውን ውሃ አየች፤ አፏ ደርቋል። ክፍሉም አልጠጣም። "አንተ ደግሞ ማን ከለከለህ?" ብትለው፣ "አልጠማኝም" አላት። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል።

መጀመሪያ የሄዱት ቤተ ክርስቲያን ነው። ዘርፈሽ ባዶ ሆዷን ጸበል ሳትጠጣ ሐኪም ፊት መቅረብ አልሆንልሽ አላት። ኩባያውን አንሥታ ወደ ከንፈሯ ስታስጠጋ ክፍሉ እጇን ያዛት።

"ነርሷ ጠብታ እንዳትቀምሺ ብላለች።"

"ይህ ውሃ ነው እንዴ? ጸበል እኮ ነው!"

"ሐኪሙ ይህን አያውቅም፤ ጉሮሮሽም ለይቶ አያውቅም።"

ሁለቱም ቆመው ተፋጠጡ። የሰሟቸው ሽማግሌ ቄስ ኩባያውን ከእጇ ተቀበሏት። "ልጄ፣ መጠጣት ቢከለከልሽ መረጨት ማን ከለከለሽ? እግዚአብሔር መንገዱ ብዙ ነው" ብለው ከግንባሯ እስከ ደረቷ ረጯት። ቀዝቃዛው ጸበል በአንገቷ ሲወርድ ዘርፈሽ ዓይኗን ጨፈነች። ጋሪ ላይ ሲወጡ የቀሚሷ ደረት ገና እርጥብ ነበር።

ጋሪው የደቻቱን ደረቅ ወንዝ አሸዋ ተሻግሮ ሆስፒታሉ በር አደረሳቸው። ባለጋሪው ጥላ ሥር ሊጠብቃቸው ተስማማ። አግዳሚው ላይ ከእነሱ በፊት ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ከሁርሶ የመጡ ሃሊሞ የሚባሉ አሮጊትና ወርሳሜ የሚባል ጎልማሳ ልጃቸው። አሮጊቷ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል፤ እሳቸውም ውሃ ተከልክለዋል። ተራቸው ቀድሞ ነበር፤ ነርሷ ስትጠራቸው ግን ጭንቅላታቸውን በእምቢታ ነቀነቁ። ልጃቸው በሶማልኛ ሲለማመጣቸው ፊታቸውን አዞሩበት።

"እንግዲያው ወይዘሮ ዘርፈሽ ይግቡ" አለች ሲስተር አለምብርሃን። ክፍሉ አብሮ ሲነሣ እጇን ዘረጋች። "እርስዎ እዚህ ይጠብቁ።"

"ያለ እሱ አልገባም" አለች ዘርፈሽ።

"ሲስተር፣ ቃል ገብቼላታለሁ። ጥግ ይዤ እቆማለሁ፤ አልናገርም።"

ነርሷ ወደ ውስጥ ገብታ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግራ ተመለሰች። "እሺ፣ ይግቡ። ብቻ እንዳይወድቁብን" አለች።

ዘርፈሽ ወደ ባሏ ዞረች። ፊቱ አመድ መስሏል። የሸሚዙን ቁልፍ ይፈታና ይቆልፋል። ከትናንት ምሳ ወዲህ እህል አልቀመሰም፤ ውሃ አልጠጣም። ይህ ሰው ውስጥ ገብቶ ቱቦው ወደ ጉሮሮዋ ሲወርድ ቢያይ፣ ከእሷ ይልቅ የሚታመመው እሱ ነው።

"ተይው ሲስተር" አለች። "አንተ እዚሁ ሁን። ብቻዬን እችለዋለሁ።"

"ዘርፌ..."

"ተቀመጥ አልኩህ" አለችና ነጠላዋን አስይዛው ገባች።

በሩ ተዘጋ። ክፍሉ ነጠላውን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ከውስጥ የዕቃ ቅጭልጭልታ፣ ከዚያ የሐኪሙ ለስለስ ያለ "ዱስማ፣ ዱስማ" የሚል ድምፅ ተሰማ። ክፍሉ ከፈረንሳውያን አለቆቹ ጋር የኖረ ሰው ነውና "ቀስ" ማለቱን አውቋል። ቀጥሎ የዘርፈሽ ጉሮሮ ሲያጓጉር ሰማ። ደግሞ ሰማ። ነጠላውን ጨበጠ። በአፍንጫው አየር ስቦ ቀስ ብሎ አስወጣ፣ ደግሞ ሳበ፤ ከግድግዳው ወዲያ ላለችው ሴት የሚተነፍስላት ይመስል። ወርሳሜ አይቶት እጁን ትከሻው ላይ አሳረፈለት።

በሩ ሲከፈት ዘርፈሽ በራሷ እግር ወጣች። ዓይኗ አብጧል፤ ከንፈሯ ጥግ ላይ ምራቅ አለ። ክፍሉ በነጠላዋ ጠረገላት። ነርሷ የሐኪሙን ቃል ታስረዳቸው ጀመር።

"የፈራነውን መጥፎ በሽታ በዓይኔ አላየሁም ነው የሚለው። ጉሮሮዎ ወደ ጨጓራ የሚገባበት ቦታ ላይ ጠባሳ አለ፤ የጨጓራዎ አሲድ እያቃጠለ አጥብቦታል። እየተመላለሱ ቀስ በቀስ ይሰፋል። ለማረጋገጥ ከሥጋው ትንሽ ወስዷል፤ አዲስ አበባ ይመረመራል። መልሱ እስኪመጣ አንድዬን መጠየቅ ነው። ድንዛዜው እስኪለቅዎ ደግሞ ውሃ እንዳይጠጡ፤ ትን ይልዎታል።"

"የእናቴ አይደለም?" አለች ዘርፈሽ። ድምፅዋ እንደ ሹክሹክታ ነው የወጣው።

"አይመስለኝም ብሏል።"

ክፍሉ ለነርሷ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ። ከዚያ የሚስቱን ክንድ ይዞ፣ "ነይ ዘርፌ፣ ጋሪው ይጠብቀናል፤ ቤት ገብተሽ ትተኛለሽ" አላት።

አግዳሚው ዘንድ ሲደርሱ ወይዘሮ ሃሊሞ ተነሥተው ቆመዋል። ከውስጥ የመጣውን ድምፅ ሁሉ ሰምተዋል። ወርሳሜ የሻሻቸውን ጫፍ ይዞ ይለምናል፤ እሳቸው ግን ፊታቸው ወደ መውጫው ነው። ዘርፈሽን ሲያዩ ቆም አሉና ጉሮሯቸውን በጣታቸው አሳዩ፤ ጥያቄው ትርጉም አላስፈለገውም።

ዘርፈሽ ከባሏ ክንድ ተላቀቀች። ሶማልኛዋ ከዳሃቦ በአጥር ላይ የለቀመችው ነው፤ ድምፅዋም የለም። አሮጊቷን እጃቸውን ይዛ አስቀመጠቻቸውና አጠገባቸው ተቀመጠች።

"ሃ በቂን፣ ኤዶ" አለቻቸው፤ አይፍሩ፣ አክስቴ።

አሮጊቷ ረጅም ነገር መለሱላት። ዘርፈሽ ግማሹ አልገባትም፤ ወደ ወርሳሜ ዞረች።

"አንቺ አብረሽኝ ከገባሽ እገባለሁ ነው የሚሉት" አለ ወርሳሜ አፍሮ። "ተዪያቸው እህቴ፣ ራስሽ ታማሚ ነሽ።"

"ዘርፌ፣ ደክመሻል" አለ ክፍሉ። "ቆመሽ መሄድም አትችዪም።"

ዘርፈሽ ነርሷን አየቻት። ሲስተር አለምብርሃን በሩን ይዛ ትንሽ አሰበችና ከፈት አድርጋ ጠበቀች። ዘርፈሽ የአሮጊቷን እጅ እንደያዘች ተነሣች፤ ሁለቱም ሴቶች አንዳቸው በአንዳቸው ተደግፈው፣ ማን ማንን እንደሚመራ ሳይታወቅ፣ ወደ ውስጥ ገቡ።

ክፍሉ ወደ ውጭ ወጥቶ ጥላ ሥር ያንቀላፋውን ባለጋሪ ቀሰቀሰና፣ "ወንድሜ፣ አንተ ሥራህን ሥራ፤ እኛ እንቆያለን" ብሎ አሰናበተው።