እውነተኛ ምሳሌ ብቻ

ከሥራ መልስ የምንማረው እንግሊዝኛ አንድ ሕግ አለው፤ የምንሰጠው ምሳሌ ሁሉ በገዛ ሕይወታችን የደረሰ መሆን አለበት። ውሸት ይረሳል፣ እውነት አይረሳም ትላለች መምህራችን። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ አራት ወር ሙሉ ስለ ዚፕና ስለ ቁልፍ እያወራሁ ሕጉን አክብሬያለሁ። ከባሌ ዱላ ሸሽቼ መምጣቴን ግን ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

ያን ቀን ሰሌዳው ላይ «ሉክ ፎር» ተጻፈ። ሉክ ብቻውን ማየት ነው፤ ፎር ሲከተለው ግን ዓይን እግር ያወጣል፣ መፈለግ ይሆናል አለችን። ዳቦ ጋጋሪው መነጽሩን ፈለገ፤ ጽዳት ሠራተኛዋ የኪራይ ቤት ፈለገች። ቀጥሎ በዚያው ሳምንት የገባው የረጅም መንገድ ሹፌር ተነሣ።

«ጓደኛዬ ሚስቱን እየፈለገ ነው» አለ በእንግሊዝኛ። «ልብስ ሰፊ ናት። በግራ እጇ ነው የምትቆርጠው።»

እባብ ያየ በልጥ በረየ ብዬ ራሴን ላጽናና ሞከርኩ፤ ግን ስንት ግራኝ ልብስ ሰፊ አለ? እስክሪብቶዬን ቀስ ብዬ ወደ ቀኝ እጄ አዛወርኩ። ቀጣዩ ተራ የእኔ ነበር፤ ባለ ተራ ደግሞ ሰሌዳው ላይ ወጥቶ ይጽፋል።

ጠመኔውን በቀኜ ይዤ «ቁልፌን እየፈለግሁ ነው» ብዬ ጻፍኩ፤ ዶሮ የጫረችው ይመስላል። ጽሕፈቴን ስታርም የኖረችው መምህሬ አንዴ ሰሌዳውን፣ አንዴ ፊቴን አየች። ሁልጊዜ «ግራኟ» እያለ የሚያበሽቀኝ ዳቦ ጋጋሪ አንድ ቃል ቢወረውር አለቀልኝ። እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ፣ አፍንጫው ላይ ያለውን መነጽር እንደገና መፈለግ ጀመረ።

«ጥሩ ነው» አለች መምህሬ፤ ቶሎም አጠፋችው።

ወደ ቦታዬ ስመለስ ሹፌሩ ዓይኑን ከግራ እጄ አልነቀለም። ዝቅ ብዬ እጄን አየሁ። ከትንሿ ጣቴ እስከ አንጓዬ ጠርዙ በቀለም ተለውሷል፤ ግራኝ ሲጽፍ እጁ የጻፈውን እየጠረገ ነው የሚሄደው። ቦርሳዬ ስር ደበቅኩት፤ ግን ዘግይቻለሁ።

ከዚያ መምህሯ ምሳሌዎቻችንን ወደ ኃላፊ ጊዜ እንድንለውጥ አዘዘችን። ሹፌሩ ሳይጠራ ተነሣ። እኔን እያየ ቀስ ብሎ ተናገረ።

«ጓደኛዬ ሚስቱን ፈለገ። አላገኛትም።»

መምህሯ ሕጉን አስታወሰችውና እውነት ነው ወይ ስትል ጠየቀችው።

«ዛሬ ስደውልለት እውነት ይሆናል» አለና ተቀመጠ።

ላምነው ፈለግሁ። መቀሴን ግን እስከ ዛሬ በቀኜ ነው የምይዘው።