ውኃ ውስጥ የከረመ ሰኮና

ሰው ፈረሱን ያለ ጥፋቱ ሲመታ ባይ ተቆጥቼ አልፋለሁ። ሰኮናውን ያበሰበሰን ግን አልምርም። አርባ ዓመት ሙሉ በማሉቲ ተራሮች ላይ ሰኮና ስቆርጥና የብረት ጫማ ስመታ ኖሬያለሁ፤ እንደዚያን ቀን ደሜ የፈላበትን ጊዜ አላስታውስም።

ከፈረስ እሽቅድምድም እየተመለስኩ ነበር። የወንድሜ ልጅ ፈረስ አንደኛ ስለወጣ የአንድ ቀን ጉዞዬ በበግ ሥጋና በማሽላ ጠላ ተራዝሞ አሥራ ሁለት ቀን ሆኗል። የማሊኔዮ ግቢ ጋ ስደርስ ጎረቤቱ ሁሉ ብርድ ልብሱን ደርቦ አጥሩ ሥር ቆሟል። ማሊኔዮ ባሏ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው። ሴፌፎ የሚባለው ግራጫ ፈረሷ የቤቱ ሁሉ እግር ነው። በቆሎዋን ወፍጮ የሚያደርሰው እሱ፣ መውለጃዋ የተቃረበውን ልጇን ሊኔዮን በሚመጣው ወር ተራራውን አሻግሮ ክሊኒክ የሚወስደውም እሱ። አሁን ግን ገመዱን የያዘው የባሏ ወንድም ሞሉፒ ነበር።

"ወዴት ነው የምትወስደው?" አልኩት፣ ከፈረሴ ሳልወርድ።

"ሥጋ ሻጩ ዘንድ ነዋ! ከእንግዲህ ለሥጋ እንጂ ለምን ይሆናል? ኩዌሊ ጌታው፣ እንኳን በደህና መጣህ። ትናንት ከወፍጮ ሲመለስ አንተ የመታሃቸው ሁለቱም የፊት ጫማዎቹ መንገድ ላይ ቀሩ። አሁን መርገጥም አቅቶታል። ሚስማር መምታት ስትማር ጥራን፣ እሺ?"

ሰዉ ሳቀ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው! ከፈረሴ ወርጄ የሴፌፎን የፊት እግር አነሣሁ። ሽታው አፍንጫዬን መታኝ። የሰኮናው ሥር ጠቁሮ በስብሷል፤ በአውራ ጣቴ ብጫነው እንደ ራሰ ዳቦ ሰመጠ። ሚስማሮቹ የነበሩበት ዳርቻ ተቦጭቆ ከጫማው ጋር ሄዷል።

"ሚስማሩ ምን አደረገ?" ብዬ ጮህኩ። "እስቲ አንተ ጭቃ ላይ ሚስማር ምታና ሲይዝልህ አሳየኝ! ይሄ ሰኮና ብዙ ቀን ውኃ ጠጥቷል። ሰኮና ከመጠን በላይ ሲርስ ይላላል፣ ከዚያ ድንጋይ ላይ ሲነዱት ይሸረፋል! ማነው ይሄን ያደረገው?"

"እኔ ነኝ፣ ንታቴ" አለች ማሊኔዮ። እዚህ ትልቅ ሰው ሲጠራ እንዲህ ነው፤ እንደ አባት።

"አንቺ? የፈረሰኛ ልጅ ሆነሽ? ይሄን እኮ ሕፃን ያውቀዋል! በደረቁ ብርድ ሰኮና እንደ ድንጋይ ስለሚሆን፣ ካራ እንዲገባው ከመቆረጡ በፊት አንድ ጧት ጅረት ውስጥ ይቆማል። አንድ ጧት! ከዚያ ደረቅ መሬት። ጨው ወጥ ያጣፍጣል ተብሎ ከረጢቱ ይገለበጣል እንዴ? ስንት ቀን አቆምሽው?"

"አሥራ አንድ።"

"አሥራ አንድ! ሰማችሁ?" ወደ ሰዉ ዞርኩ። "ጭንቅላት የተሰጠን ባርኔጣ እንድንደፋበት ብቻ ነው?"

አላለቀሰችም። እውነቱን ልናገርና፣ እንድታለቅስ ፈልጌ ነበር።

"እርስዎ ነዎት ያሉኝ" አለች ቀስ ብላ። "'ነገ እመጣለሁ፣ እስክመጣ ድረስ ከውኃ እንዳታወጪው' አሉኝ። በነጋታው አልመጡም። ዛሬ ይመጣሉ ብዬ እንደገና አስገባሁት። በየጧቱ፣ ዛሬ ይመጣሉ እላለሁ። ትናንት ዱቄት ሲያልቅብን ነው ወፍጮ የወሰድኩት።"

"ታዲያ ሌላ ሰው አትጠይቂም?"

"ባለቤቴ ሊሞት ሲል፣ 'በሴፌፎ ነገር የኩዌሊን ቃል እንዳትሽሪ' ብሎኛል።"

የፈረሱን ሌላ እግር ልይ ብዬ አጎነበስኩ። ሰው ፊቴን እንዳያይ ነው እንጂ እግሩ ላይ ሌላ የማየው ነገር አልቀረኝም ነበር። ያን ጊዜ የእሷን እግር አየሁት። የላስቲክ ቦቲዋ አልገባ ብሏት ከላይ ተቀድዷል። ቁርጭምጭሚቷ አብጧል፤ ቆዳዋ ነጭ ሆኖ ተሰነጣጥቋል፣ በስንጥቁም ደም ይታያል።

"እግርሽ ምን ሆኖ ነው?"

"እሱ ብቻውን ውኃ ውስጥ አይቆምማ። ገመዱን ይዤ አብሬው እቆም ነበር። ጧት ጧት በረዶውን በዱላ እሰብርና እንገባለን።"

አሁን ማንም አልሳቀም። ንዴቴ አልበረደም፣ እንዲያውም ባሰበት፤ ግን ባለቤቱን አገኘ። እሷ በረዶ ስትሰብር እኔ አጥንት እግጥ ነበር። ሰኮና ያበሰበሰን አልምርም ያልኩት እኔው ነኝ።

ገመዱን ከሞሉፒ እጅ ነጠቅኩት። "ይሄ ፈረስ ይድናል። የበሰበሰው ተቆርጦ ደረቅ ቦታ ከቆመ ሰኮናው እንደገና ያድጋል። ዓመት ሊፈጅ ይችላል።"

"ሊኔዮ ዓመት ትጠብቅሃለች?" አለ ሞሉፒ።

ልክ ነው። ኮርቻዬን ከራሴ ፈረስ ላይ አወረድኩና ልጓሙን ለማሊኔዮ ሰጠኋት። "ሊኔዮን ይሄ ይወስዳታል። ሴፌፎ እስኪድን የእኔ ፈረስ ካንቺ ዘንድ ይቆይ" አልኳት። ከዚያ ካራዬንና ሞረዴን ላመጣ ኮርቻውን ተሸክሜ ወደ በሩ ዞርኩ። ቤቴ ከኮረብታው ጀርባ ነው፣ ሩቅ አይደለም።

"ንታቴ" አለችኝ ከኋላዬ። ነገር ፍለጋ አልነበረም፤ ማወቅ ፈልጋ ነው። "መቼ ይመጣሉ?"

አሁን እመጣለሁ ልላት አፌን ከፈትኩ፤ ያኔም 'ነገ እመጣለሁ' ነበር ያልኳት። ኮርቻውን መሬት ላይ አስቀመጥኩ።

"የትም አልሄድም" አልኳት። "የወጥ ቤት ካራሽን ላኪልኝ። አንቺ ቦቲሽን አውልቂና ፀሐይ ላይ ተቀመጪ።"

እዚያው አጎንብሼ የሴፌፎን እግር በጉልበቶቼ መካከል ያዝኩ።