የሌላ ሴት ድምፅ

ረይሃና የተጫወተችበትን ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው ፈረንሳይ ውስጥ፣ ባሕር ዳር በተቆረቆረች ከተማ፣ በዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል ላይ ነው። ያን ቀን ጠዋት ከሆቴሉ በረንዳ ጅማ ላሉት እናቷ በቪዲዮ ደውላ ባሕሩን አሳይታቸዋለች። ነጫጭ ጀልባዎቹን፣ ዘንባባ የተሰለፈበትን ጎዳና፣ ፎቶ እንዲነሱ ብቻ የለበሱ የሚመስሉትን ሴቶች ሁሉ አሳየቻቸው።

"ያ ረቢ! ማለቂያ የለውም እንዴ?" አሉ ወይዘሮ ዙቤይዳ። "ነፋስ ነው፣ ራስሽን ሸፍኚ። ከፍሬዘርም እንዳትርቂ።"

ፍሬዘር የፊልሙ ዳይሬክተር ነው። ጅማ አንድ ሰፈር ነው አብረው ያደጉት። በትምህርት ቤቱ የድራማ ክበብ እሱ ይጽፋል፣ እሷ ትጫወታለች። በኋላ እሱ ፊልም ሊማር አዲስ አበባ ሲገባ፣ እሷ ጅማ መርካቶ ከእናቷ ጋር ጨርቅ እየሸጠች ቀረች። ያም ሆኖ በመጣ ቁጥር ሱቋ ቁጭ ብሎ ሲያወራት ይውል ነበር። ባለፈው ዓመት በቡና ለቀማ ወቅት ሊሙ ገነት ፊልም ሊቀርጽ ሲመጣ፣ በታሪኩ ውስጥ አባቷ ሲሞት የቡናውን መሬት ብቻዋን የምትይዘውን የሊሙ ልጅ "ካንቺ ሌላ ማንም አይጫወታትም" አላት። ወይዘሮ ዙቤይዳ ግን አይሆንም አሉ። ፍሬዘር ቤት ድረስ ሄዶ፣ "እትዬ ዙቤይዳ፣ እኔስ ልጅዎ አይደለሁም? አደራዎን አልበላም" ብሎ ነው ያስፈቀዳት።

በፊልሙ ውስጥ ልጅቷ የአባቷን ሞት የምትሰማበት ቦታ አለ። ረይሃና የገዛ አባቷን ከቀበረች ብዙም አልቆየችም ነበርና እዚያ ስትደርስ መቀጠል አቃታት። ፍሬዘር ቀረጻውን አስቁሞ ጎኗ ተቀመጠ።

"ሬሁ፣ አባባ ያረፉ ቀን እንዴት እንደጮህሽ አልረሳውም፤ እኔም እዚያው ነበርኩ" አላት። "ካልከበደሽ እሱን ስጪኝ።"

ሰጠችው። "አባ ኮ! አባ ኮ!" እያለች አባቷን በኦሮምኛ እየጠራች ጮኸች። ቡና የሚለቅሙት ሴቶች ቅርጫታቸውን አስቀምጠው አብረዋት አለቀሱ።

አሁን በፌስቲቫሉ አዳራሽ ከፍሬዘር ጎን እንደተቀመጠች መብራቱ ጠፋ። በሰፊው ሸራ ላይ ፊቷ ወጣ። አፏ ተከፈተ። የወጣው ድምፅ ግን የእሷ አልነበረም።

መሣሪያው የተበላሸ መሰላት። ወደ ፍሬዘር ዞረች፤ እሱ ዓይኑን ከሸራው አልነቀለም። ጥቂት እንደሰማች ድምፁን አወቀችው። በሬዲዮ ድራማ የምትታወቀው የአዲስ አበባዋ መቅዲ ናት። ለቪዛ አዲስ አበባ በሄዱ ጊዜ ፍሬዘር አስተዋውቋቸው ነበር። መቅዲ አጥብቃ ካቀፈቻት በኋላ ዓይኗን ማየት የተሳናት ለምን እንደሆነ አሁን ገባት።

ለቅሶው ደረሰ። ረይሃና በሸራው ላይ በጉልበቷ ወድቃ፣ አንገቷ ላይ ደም ሥሯ ተገትሮ፣ በመቅዲ ድምፅ "አባዬ! አባዬ!" ትላለች። አጠገቧ የተቀመጠች አንዲት ነጭ ሴት እንባዋን እየጠረገች የረይሃናን እጅ ያዘቻት።

ሲያልቅ ሰው ሁሉ ቆሞ አጨበጨበ። ወደ መድረክ ጠሯቸው። ፍሬዘር አስተርጓሚ አያስፈልግም፣ እኔው አስተረጉማለሁ ብሎ ኖሯል። አስተናባሪዋ ምን እንደተሰማት ጠይቃ ማይኩን ሰጠቻት።

"ፊቱ የኔ ነው፣ ድምፁ ግን የኔ አይደለም" አለች ረይሃና። "የኔን ድምፅ አውጥተው ጥለውታል።"

ፍሬዘር ማይኩን ተቀብሏት በእንግሊዝኛ ተናገረ። አዳራሹ ሳቀ፤ ደግሞም አጨበጨበ። ረይሃና አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች ናት፣ ያለው ገብቷታል፦ "ከደስታዬ ብዛት ድምፄ ጠፋ ትላለች።"

ከመድረክ እንደወረዱ ባሕሩ ዳር ያዘችው። ወዲያ ማዶ ፎቶ አንሺዎች ይጯጯኻሉ።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርሽ አትመጪም ነበር።"

"ድምፄ ምን ሆነ?"

"ፕሮዲውሰሮቹ ናቸው። የጅማ አማርኛ አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት አይሄድም አሉ።"

"ልጅቷ የሊሙ ልጅ አይደለች እንዴ? በምን እንድታወራላቸው ነው? አንተስ ምን አልካቸው?"

ፊቱን ወደ ፎቶ አንሺዎቹ አዞረ።

"ፍሬዘር፣ ምን አልካቸው?"

"መቅዲን ያመጣኋት እኔ ነኝ" አለ በመጨረሻ። "ሰው እንዳይስቅብሽ ብዬ ነው፣ ሬሁ። ለራስሽ አስቤ።"

"አንተ ራስህ እንደዚሁ አይደል ስታወራ ያደግከው? ማን ሳቀብህ?"

"አዲስ አበባ ስገባ ሳቁብኝ" አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

ረይሃና ልታዝንለት ምንም አልቀራትም ነበር። ግን የአባቷ ለቅሶ ትዝ አላት።

"እሺ፣ ንግግሩን ለውጥ። ለቅሶዬንስ? እሱን ከኔ ለምነህ አልነበር የወሰድከው?"

"እንዳለ ልተወው ሞክሬ ነበር፤ ከመቅዲ ድምፅ ጋር አልገጥም አለ።"

"ታዲያ የእሷን ድምፅ አታወጣም ነበር?" አለችውና ትታው ሄደች። በቀሩት ቀናት ለፎቶም ለግብዣም ቢጠሯት አልወጣችም። ስትመለስ እናቷ ስለ ባሕሩ ሊሰሙ ጎረቤት ሰብስበው ጠበቋት። የባሕሩንም የድምፁንም ነገር ሁሉ ነገረቻቸው።

ፊልሙ ጅማም መጣ። ከሊሙና ከየቡ የሚመጡት ደንበኞቿ ሳይቀሩ አይተውት ሱቋ እየገቡ ያሞግሷታል። "አማርኛሽ እንዴት ነው እንዲህ የጠራው በይ!" ይሏታል። "ወላሂ እኔ አይደለሁም" ስትል ትሕትና መስሏቸው ይስቃሉ።

አንድ ቅዳሜ ፍሬዘር ራሱ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ወይዘሮ ዙቤይዳ እንደ ወጉ የእናቱን ደህንነት ጠየቁት፤ ተቀመጥ ግን አላሉትም።

"ሬሁ፣ ሁለተኛው ፊልም ላይ በራስሽ ድምፅ ነው..."

"ከእንግዲህ እዚህ አትምጣ" አለችው፣ ጨርቅ መለካቷን ሳታቆም።

ትንሽ ቆሞ ሄደ። ወይዘሮ ዙቤይዳ እስኪርቅ ጠበቁና፣ "ወንድምሽ እኮ ነበር" አሉ በቀስታ።

"ነበር፣ እማ" አለች ረይሃና። ከተመለሰች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀሰችው ያኔ ነው።