ሙሽራዋ የረገጠችው ፍሬን

በሠርጉ ቀን ካሚዮን ሥር በጀርባው የተኛ ሙሽራ ጎንደር ውስጥ ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም። ጊዜው የአርባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ጥር ነው። ሙሽራዬን ደብሪቱን ከአባቷ ቤት ከትክል ድንጋይ አምጥቼ ወደ ከተማ እየነዳሁ ነበር። ሽማግሌዎች ጨረሱልን እንጂ እኔና እሷ አንዲት ቃል አልተለዋወጥንም። ሙሽራ አትናገርምና ተከናንባ ከጎኔ ጋቢና ውስጥ ዝም ብላለች። ወድዳ ትምጣ ተገድዳ አላውቅም፤ የሚከነክነኝ ይኸው ነው።

መካኒክ ነኝና ከቁልቁለቱ በፊት ወርጄ ፍሬኑን ልይ አልሁ። አንደኛ ሚዜዬ ነጋ ሲረግጥ የፍሬኑ ጎማ ቱቦ እንደ እንቁራሪት ጉሮሮ ተነፋ። ዳሰስሁት፤ ያሙለጨልጫል። አሸተትሁት፤ ቅቤ ነው።

«ማነው የቀባው?»

«እናትህ ናቸው እንጂ ማን ይሆናል» አለ ነጋ። «ደርቆ ቢያዩት ጊዜ፣ የሙሽራ ማኪና ራሱ ደርቆ አይወጣም ብለው ከገና ጀምሮ ቀቡት። ምነው፣ ሸጋ አይደለም?»

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ቅቤ የጠጣ ጎማ ያብጣል፣ ከዚያም ይፈነዳል። እኔም በሠርጉ ጉድ ጉድ ሳላየው ቀርቻለሁ። ደግነቱ ቦርሳዬ ውስጥ አዲስ ቱቦ ነበረኝና ካባዬን አውልቄ ቀየርሁት።

የቀረው ቱቦው ሲቀየር የገባውን አየር ማስወጣት ነው። አንዱ ፍሬኑን ረግጦ ይይዛል፣ ሌላው ከሥር ብሎኑን ከፍቶ ይዘጋል። ያኛው ቀድሞ ከለቀቀ አየሩ ተመልሶ ይገባል። ሚዜዎቼ ግን ጠጁን ጠግበዋል፤ እግራቸው የሚታዘዘው ከኋላ ለሚመታው ከበሮ ነው። እኔ ያዝ ስል ይለቅቃሉ። ሁሉም ተራ በተራ ሞከሩ፣ ሁሉም አበላሹ። የቀረኝ የፍሬን ዘይት ለአንድ ሙከራ ብቻ የሚበቃ ሆነ።

«ርገጥ» አልሁ ተስፋ ቆርጬ። ተረገጠ። «ያዝ» አልሁ። ተያዘ። ብሎኑን ስከፍት አየሩ ፈልቶ ወጣና ንጹሕ ዘይት ተከተለ። ዘጋሁት።

«ነጋ፣ ዛሬ ገና ሰው ሆንህ።»

ነጋ ከኋላ እስክስታውን እየመታ «አቤት» አለኝ።

አንገቴን አወጣሁ። ፍሬኑ ላይ ያረፈው በእንሶስላ የቀላ እግር ነው።

«ልልቀቅ ወይስ ልያዝ?» አለ ከላይ ቀጭን ድምፅ።

«ማን አዘዘሽ?»

«ማንም። ቤታችን መግባት ፈልጌ ነው።»

ከደስታዬ ብዛት ዘይቱ ጢሜ ላይ ሲንጠባጠብ አልታወቀኝም። የቀረ አየር አልነበረም። እኔ ግን ብሎኑን ሳልነካ ሦስት ጊዜ ርገጪ አልኋት፤ ሦስቱንም ጊዜ «ይዣለሁ» አለችኝ።